ጋሽ ጥቅሱና ያልተለካው ቃል

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ጥያቄው ሳይነገረው መልስ ያለው፣ መልሱም ከነምዕራፉ የሆነ ሰው። ብታስነጥሱ ጥቅስ፣ ጣራችሁ ቢያፈስ ጥቅስ። በዚያ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ልብስ ሰፊው ጋሽ ጥቅሱ ነበሩ። ጥቅሱ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሰፈሩ ነው የሰየማቸው፤ እሳቸውም እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

ሱሪ ለማሳጠር ሦስቴ ሳይለኩ መቀስ አያነሱም። ቃል ሲሰጡ ግን ልኬት ብሎ ነገር የለም፤ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያው አንዱ ነው። ጎረቤታቸው የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቆ ለአራተኛው ሲዘጋጅ፣ «ልምምዱ ምን ይሠራልሃል? ሁሉን እችላለሁ በል» አሉት። አለ። መኪናዋን አጥር ላይ ሰቀላት፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ «ባለ አጥሩ» ሆኖ ቀረ።

ማዶ ያለችው ነርስ የስድስት ወር ልጇን የቀበረች ሰሞን ደግሞ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅላቸው «ሁሉም ለበጎ ነው» አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው።

«የቱ ነው በጎው፣ ጋሼ?» አለች ቀስ ብላ።

ሌላ ጥቅስ ፈለጉ። ከማግኘታቸው በፊት ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ እስኪወጡም አልተመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ሥራው አልቀረም፤ ሰዉ ነው የቀረው። ልብሱ በፌስታል ተጠቅልሎ የሱቁ በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ ከላዩ ላይ ወረቀት። «ሁለት ጣት ይጠር። ቸኩያለሁ።» ሁሉም ቸኩሏል። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምሳቸውን ከስፌት መኪናው ጋር ፊት ለፊት ይበላሉ። ከወረቀቶቹ በአንዱ ጫፍ «ደህና ነዎት?» የሚል ስለነበረበት መጣል አልሆነላቸውም፤ መሳቢያ ውስጥ ከክሩ ጋር አስቀመጡት።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ደውላ፣ «አባዬ፣ እየመታኝ ነው። ልምጣ?» ብላቸው ነበር። ቃሉን ከአፏ ነጥቀው፣ «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው። ቻይው፣ ልጄ» አሏት። ቻለችው፤ ክንዷ እስኪሰበር። ከዚያ ባሏን ትታ ወጣች፣ ሌላ ከተማ ዳር አንድ ክፍል ተከራየች፣ መደወልም አቆመች። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። «ደህና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው» ይላሉ ለጠየቃቸው። የሚጠይቅም እየጠፋ ሄደ።

በዝናቡ ወራት ትኩሳት ጣላቸው። በሦስተኛው ቀን ባለ አጥሩ ሱሪውን ፍለጋ መጣና አልጋ ላይ አገኛቸው።

«አይዞዎት ጋሼ፤ እኔ ከአንተ ጋር ነኝና አትፍራ ይላል ቃሉ» አለ በሩ ላይ እንደቆመ። ሱሪውን ከወንበሩ አንሥቶ ሄደ።

ጋሽ ጥቅሱ የተዘጋውን በር ሲያዩ ቆዩ። ቃሉ እውነት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን አምነውታል። ሰውየው ግን ሄዷል። ውኃ እንኳ አላቀበላቸውም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከእሳቸው ያየውን ነው ያደረገው። ለራሳቸው የሚሆን ጥቅስ ፈለጉ። የመጣላቸው ግን የልጃቸው ድምፅ ነበር። «ልምጣ?»

እንደተሻላቸው አድራሻዋን ከአክስቷ ተቀብለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዱ ነበር፤ ስለ ይቅርታ ብቻ ሰባት ጥቅስ።

በሩን ከፈተች፤ እጇን ግን ከእጀታው አላነሣችም።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ጥቅስ ይዘህ ከሆነ የመጣኸው፣ አልችልም።»

ሰባቱም ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ዋጧቸው።

«ልምጣ ስትዪኝ፣ ነይ ማለት ነበረብኝ» አሉ። «ቃሉን ይዤ በሩን ዘጋሁብሽ። በድዬሻለሁ።»

በባዶ እጇ ክንዷን አሸት አሸት አደረገች።

«ክንድሽን ያምሻል?»

«ሲበርድ።»

ከበሩ ዘወር አለችላቸው። ክፍሏ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ለእሳቸው ሰጥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጥፊ ጀምራ ነገረቻቸው። አንዳንዴ ስማቸውን እየጠራች ወቀሰቻቸው፤ አንዳንዴ ደግሞ ጨርሳ የረሳቻቸው ይመስል ለግድግዳው አወራች። ሦስት ጊዜ አፋቸውን ሊከፍቱ ቃጣቸው። ሲሰፉ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ዝም እንደሚሉት፣ ከንፈራቸውን ገጥመው አዳመጡ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እሳቸውም በይኝ አላሉም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘቻቸው።

«ሳምንት ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

አውቶቡሱ ብቅ አለ። ጋሽ ጥቅሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ብቻ ልበል?»

ፊቷ ተኮማተረ። «ምን?»

«ደህና እደሪ።»

ሳቀች ለማለት አይደፈርም፤ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ጥቅሱ ከኋላ ወንበር ያዙና ያቺን ከንፈር እያሰቡ፣ አጠገባቸው ሰው ሳይቀመጥ፣ ቤታቸው ደረሱ።