ሞጆ አያነሳም

ሰሞኑን ለእኛ ለትናንሽ ነጋዴዎች ሥልጠና አለ ተብዬ ሄጄ ነበር። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ለሥራችን እንዴት እንደሚጠቅም የምታስረዳ ጎበዝ ልጅ መጥታለች። ዋናው ነገር መገኘት ነው አለችን። አድራሻችሁ ይታይ፤ ደንበኛ ሲጽፍላችሁ ቶሎ መልሱ፤ ዝም ካላችሁ የዘጋችሁ ይመስለዋል። ሁሉም ይጽፋል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ። ምን ያስቅዎታል አባባ አለችኝ። ምንም አልኳት። ምን ልበላት? ይህን ትምህርት በደርግ ጊዜ በአንድ ጥቁር ስልክ ተምሬ ጨርሼዋለሁ ልበላት?

ላንተ ግን ልንገርህ፤ ጊዜ ካለህ።

ያኔ ናዝሬት ውስጥ፣ የአሰብ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ መለዋወጫ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ያገለገለ ካምቢዮ። ስልክ ለማስገባት ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቻለሁ መሰለህ! ሲገባልኝ ሰፈሩ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ደንበኛ በሚያየው ቦታ አድርገው አሉኝ፤ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ዳንቴል አለበስኩት። ቁጥርህን ታፔላው ላይ አስጽፍ አሉኝ፤ አስጻፍኩ፣ ያውም ከሱቁ ስም አስበልጬ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ማን ይደውላል? እናትና አባቴ የሉም። ሚስት አላገባሁም። ጓደኞቼ ግማሹ ግንባር፣ ግማሹ ሱዳን፣ የቀሩት ደግሞ ማውራት ትተዋል። የናዝሬትን ቀትር ታውቀዋለህ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። እውነቱን ልንገርህ፣ ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ስልክ ካስገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሰው የማይደውልልኝ ስልክ ስለሌለኝ ነው እል ነበር።

በዚያ ዘመን ታዲያ እንዳሁኑ ራስህ አትደውልም። እጀታውን ስታነሳ ከስልክ ቤት አንዲት ሴት፣ አቤት፣ የት ላገናኝ ትልሃለች። ነግረሃት ትዘጋለህ። መስመር ስታገኝ መልሳ ትደውልልሃለች። የፈለግከው ሰው ካላነሳም ደውላ አያነሳም ትልሃለች። ላልተነሳ ስልክ ደግሞ አትከፍልም።

ገባህ አይደል?

ሞጆ አንድ የማውቀው መለዋወጫ ነጋዴ ነበረ። ሱቁን ቆልፎ ወደ ሐረር ከሄደ ቆይቷል። አንድ ቀን ምናልባት ተመልሶ ከሆነ ብዬ አስደወልኩ። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። ተንደርድሬ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ሞጆ አያነሳም። ልተወው ወይስ ልድገምልዎ?»

ድምጿ ረጋ ያለ ነው፤ የሚያቻኩላት ነገር ያለ አይመስልም።

«ድገሚልኝ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሞጆን ማስደወል ዋና ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ሞጆ፣ ከሰዓት ሞጆ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሱቅ ውስጥ ያለ ሾፌር ሁሉ ወሬውን ያቆማል። የጭነት መኪና ያላቸው፣ ሐጂ የምንላቸው የአርሲ ሰው ደግሞ ብቅ ሲሉ፣ አካም ጅርታ፣ የሞጆ ገበያ ያንተ ሆነ አይደል ይሉኝ ነበር። ከሞጆ አንድ ብሎን እንኳ አግኝቼ አላውቅም።

እሷም ቀስ በቀስ ቃል ጨመረች። ዛሬ በቆቃ በኩል መስመሩ ተበላሽቷል፤ ዛሬ ሙቀቱ አይቻልም፤ ቆይ አንዴ፣ ሻይ መጣልኝ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ሱቁን ዘግቼ ሰነበትኩ። ተሽሎኝ ስመጣ፣ በሩን ገና ስከፍት ስልኩ ይጮሃል። ጋሼ፣ ሞጆን ሳያስደውሉ ሰነበቱ፣ ደህና ነዎት አለችኝ። ደህና ነህ ወይ ሲባል የሚያለቅስ ወንድ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አለቀስኩ። ትኩሳቱ አልወጣልኝም ማለት ነው አልኩ ለራሴ።

ያኔ ቆረጥኩ። ሻይ እንድንጠጣ ልጠይቃት። ምን ከባድ ነገር አለው? ኮቴን አስተኮስኩ። ተላጨሁ። በስልክ ለማውራት እኮ ነው! እጀታውን አነሳሁ። አቤት ጋሼ አለችኝ። እ... ሞጆን አልኳት። እንዲህ እንዲህ ስል ወራት አለፉ።

አንድ ዓርብ ቀን ራሷ ደወለች። ከሰኞ ጀምሮ ስልኩ አውቶማቲክ ሊሆን ነው፣ ራስዎ ነው የሚደውሉት፣ እኛን መጠበቅ ቀረልዎ አለችኝ። ደስ ይላል አልኳት።

«እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ሞጆን ሞክሪልኝ» አልኩ።

«ጋሼ፣ የሞጆው ሰውዬ እኮ ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል። እዚያ ያለችው ጓደኛዬ መጀመሪያውኑ ነግራኛለች» አለች።

«ታዲያ ለምን ትደውዪ ነበር?»

«እርስዎስ ለምን ያስደውሉኝ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። ሻይ የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፣ እውነቴን ነው። ይሄኔ ሐጂ ገቡ፤ ካንዴላ አለ ወይ እያሉ። አዎ አለ፣ አንዴ ይታገሡኝ አልኳቸው። እጀታውን ወደ ጆሮዬ ስመልሰው መስመሩ ተቋርጧል። የመንግሥት ጥሪ ገብቶበት ይሁን እሷ ትዝጋው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግሜ ባነሳ ሌላ ሴት ናት፤ የእሷ ሰዓት አብቅቷል አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ቁጥሩን በጣትህ የምታዞርበት አዲስ ስልክ ተከሉልኝ። አነሳሁት። ቱ... ይላል። አቤት የሚል የለም። ሱቁን ዘግቼ ወደ ስልክ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ፣ ሴቶቹ ተዛውረዋል፣ አንዷ አሰላ፣ አንዷ አዲስ አበባ ተመድባለች አለኝ። የሚፈልጉት የትኛዋን ነው? ስሟ ማን ይባላል?

ስሟን አላውቅም። አየህ ጉዴን? ያን ሁሉ ጊዜ ስሟን አልጠየቅኳትም። ሞጆ አያነሳም የምትለዋ አልኩት። ሰውዬው ከልቡ ሳቀ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ጓድ አለኝ።

ወደ ሱቄ ተመለስኩ። አዲሱ ስልክ ባንኮኒው ላይ ያብረቀርቃል። አሁን ማንንም ሳልለምን፣ ሳልጠብቅ፣ የፈለግኩት ሰው ጋ መደወል እችላለሁ። ማን ጋ? ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ብዙ አሰብኩ። በቃሌ የማውቀው የራሴን ቁጥር ብቻ ነው። እሱኑ አዞርኩት።

ተይዟል።

እስቲ አስበው ወዳጄ፤ በዚያን ቀን በናዝሬት ከተማ ከእኔ ጋር ማውራት የፈለገ አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም መስመር ተይዞበት ቀረ።