ጋሽ ያስወጣል

ከግንብ ጋር ተፋጦ ቆሞ «ይሄ መንገድ ያስወጣል!» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ስለጠፋ ሁላችንም ጋሽ ያስወጣል እንላቸዋለን።

አንድ ጠዋት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስጣደፍ እጄን ይዘው በአቋራጭ ወሰዱኝ። በሰው የልብስ ማስጫ ሥር ጎንበስ ብለን አለፍን፤ ከዚያ ቁርስ በሚበላ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ተገኘን። እሳቸው ምን ገዷቸው! «እንደምን አደራችሁ? አትነሱ፣ አትነሱ፣ አላፊ ነን» ብለው በጓሮ በር ወጡ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳቸው። በሰዓቱ ደረስኩ፤ ኮቴ ላይ ግን የማላውቀው ሰው የልብስ መቆንጠጫ ተሰክቶ ነበር።

ከተማው ሲሰፋ ጋሼ ተቸገሩ። በድሮው ሰፈር አንዱ ቅያስ ቢዘጋ በሌላው ይኬዳል። አዲሶቹ ግቢዎች ግን ዙሪያቸውን ታጥረው አንድ በር ብቻ ነው ያላቸው፤ የውስጥ መንገዳቸውም ትንሽ ይሄድና የሰው ደጃፍ ላይ ይቀራል። ጋሼ ይህን እንደ ግል ስድብ ቆጠሩት።

«ከተማ አይደለም የሠሩት፣ ጆንያ ነው! በገባህበት ነው የምትወጣው» ይላሉ።

የአክስቴ ልጅ ከእናቴ ቤት ጀርባ በተሠራው ግቢ ቤት ገዝቶ አክስቴን ወሰዳት። ግንቡ እስኪያልቅ ድረስ እህትማማቾቹ በክፍተቱ ይመላለሱ ነበር። ሲያልቅ ግን መንገዱ ሁለት ታክሲ ሆነ፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ያን አይችልም። መጀመሪያ በግንቡ ላይ እየተጯጯሁ ያወሩ ነበር፤ በኋላ አክስቴ ታማ ተኛችና እሱም ቀረ። እናቴ ግንቡ ሥር ወንበር አውጥታ የእህቷን ሳል ታዳምጣለች። አንጀቴን በላችው።

ጋሼ የግቢውን ኮሚቴ ሊቀመንበር በየጠዋቱ ይጨቀጭቁ ጀመር።

«ጋሼ፣ በዚያ በኩል እኮ በር የለም።»

«ስለሌለ እኮ ነው የመጣሁት!»

«ሌባ ቢገባስ?»

«ሌባማ ግንብ ይዘላል። በር የሚፈልጉት አሮጊቶች ናቸው።»

ሊቀመንበሩ አልበገር ሲሉ፣ ጋሼ «እንግዲያው የአሮጊቷን ቤት ይዩት፤ ከአጥርዎ ጀርባ ነው» ብለው በእግር ይዘዋቸው ወጡ። አስፋልቱን ተከትለው፣ አደባባዩን ዞረው እናቴ ጓሮ ሲደርሱ ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆነዋል። ከግንቡ ወዲያ የገዛ ልጃቸው ስትስቅ ሰሙ።

«አንቺ፣ እስቲ ውሃ አቀብይኝ!» ብለው ጮሁ።

«እሺ አባዬ፣ በየት በኩል?» አለች ልጅቷ።

በወሩ ግንቡ ተሸንቁሮ ጠባብ የብረት በር ተገጠመ። እናቴን እኔና ጋሼ ደግፈን አሻገርናት። አክስቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ፣ «ምነው ቆየሽ?» አለቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ዞር ስል ጋሼ የሉም። በግቢው ማዶ ያለውን ሌላ ግንብ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ነው። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ የዚህኛውን ሊቀመንበር እኔ ላናግራቸው?»