«እንብላ»ን አምኖ የሚቀመጥ ሰው

እኛ የመርሳ ከተማ ሰዎች ስንበላ ሰው ካለፈ «እንብላ» እንላለን። አላፊውም «ብሉ፣ አላህ ይባርክላችሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ወጉ ይኸው ነው። «እንብላ» ሲሉት የሚቀመጥ ሰውስ ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ጎረቤቴ ጋሽ ይማም ናቸው።

በሰፈራችን ትምህርት ቤት ልጆች ከክፍል ሲወጡ ምግብ በነጻ ይበላሉ። ቤታቸው እራት ይኑር አይኑር የማያውቁ ብዙ ናቸው። ጋሽ ይማም ታዲያ ምን ጉዳይ እንዳላቸው እንጃ፣ ሩዝ በምስር ሲወጣ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ያልፋሉ። እኔ በምን አወቅሁ? እኔም በዚያ ሰዓት፣ በዚያ በኩል ጉዳይ አላጣም።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ፣ ጨዋ ናቸውና፣ በአንድ ድምፅ «ጋሼ፣ እንብላ!» አሏቸው።

«የልጅ ግብዣ እንቢ አይባልም» ብለው ተቀመጡ። የአንዱን ቀምሰው የሌላውን ቢተዉ ቅር ይለዋል ብለው ከየሳህኑ አንድ አንድ ማንኪያ ማንሳት ጀመሩ። ልጆቹ ስልሳ ናቸው! አሥረኛው ላይ ሽርጣቸውን ላላ አደረጉ፤ ሠላሳኛው ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ግን ፍትሕ ነውና ቀጠሉ። ምግብ አብሳይዋ ወይዘሮ ዘሃራ ጭልፋቸውን እንደያዙ «ያ አላህ!» ይላሉ፤ ትልቅ ሰውን ተነሥ ማለት ግን ነውር ሆኖባቸዋል።

መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ትንሿ ፎዚያ ሳህኗን እያቀረበች፣ በፍጹም አክብሮት ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ስንተኛ ክፍል ነዎት?»

ጋሽ ይማም ክፍላቸውን ሲፈልጉ፣ ልጅቷ ከኋላቸው ወደ ቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። እኔም ማንኪያዬን ቶሎ ብዬ ኪሴ ከተትኩ።