በስሜ የሚዞረው

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የጦር አውሮፕላን በስማችሁ ተጠርቶ ያውቃል? በእኔ ተጠርቷል።

ጀርመን አገር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ። ፈረንጅ አውሮፕላኑን በአውሬ ስም ይጠራል፤ መልከ ጥፉውን «ከርከሮ»፣ ፈጣኑን «ጭልፊት»። እኛ ዘንድስ? እኛ ስም የምናወጣው ከጎረቤት ጠባይ ነው።

ዘንድሮ ቤት የምቀልስባት ቁራሽ መሬት ፈልጌ የተወለድሁባት ሉማሜ ገባሁ። የአክስቴ ልጅ ሙሉነሽ ሻይ ቤት አላት። ስሞቹን ያስጠናችኝ እሷ ናት። ሄሊኮፕተሩ «ወፍጮ» ነው፤ ጩኸት እንጂ ዱቄት የለውም። ጄቱ «ቀላዋጭ» ነው፤ ሳይጠሩት ይደርሳል፣ ሰው ምሳውን ጥሎለት ይሸሻል። ሳቅሁ። ሰው በሚፈራው ነገር ሲያላግጥ ደስ ይለኛል።

ይህን ስናወራ ከላይ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ነገር መጣ። አብራሪ የሌለው፣ ሲዞር የሚውለው። አንዱ ባለባጃጅ ቀና ብሎ፣ «እትየ ብርቄ ደግሞ መጣች!» አለ። እኔ የዋሂት፣ የጠራኝ መስሎኝ፣ «አለሁ ወንድሜ» ብዬ ተነሣሁ።

ሙሉነሽ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ያዘች።

ስሙን ያወጣው ለካ ታላቅ ወንድሜ ነው። «ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ እኔ እህት አለችኝ» ብሏል አሉ። «ከላይ ሆና ታየናለች፣ አትወርድም። ድምፅዋ የሚሰማው ሰው ሲሞት ነው።»

እነሱስ ያለ መርዶ ደውለውልኝ ያውቃሉ? ደግሞስ የት ልውረድ? አባታችን ሲሞት መሬቱን ወንድሞቼ ተካፈሉት። ሴት ናት፣ ደግሞም ሄዳለች፣ ብለው። በድርሻዬ ላይ ባሕር ዛፍ ቆሟል። አውሮፕላን እንኳ ማረፊያ አለው እኮ!

እሑድ ወንድሜ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ስለ ስሙ ይቅርታ ጠየቀ። ሌላ ስም ይወጣለታል አሉኝ።

«መሬቱስ?» አልሁ።

ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

«ተይ እንጂ ብርቄ፣ ስለ ማርያም!» አለኝ አንዱ ሽማግሌ።

ስሙን እንዳለ ተዉት፣ አልኋቸው። በዚህ አገር በስሜ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ይቅርታ ግን የለኝም። ለወንድሞቼም፣ ለእናንተ ለሽማግሌዎቹም፣ ያንን ነገር በላያችን ለሚልከውም። ለማንም።