ትርፍ ወንድ

ከአንድ ፖስታ የማትከብድ ወፍ የአንድ ወጥ ቤት ጣሪያ እንዴት ልትበላ ትችላለች? ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ እስካሁን ስላልተቋቋመ መልሱን ለታሪክ እንተወዋለን። የሚታወቀው፣ በአውስትራሊያ፣ በሰሜን ኩዊንስላንድ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ መብላቷ ነው።

ዳሪል ፔንሃሊገን ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በወጣትነቱ ስኮትላንድ ድረስ ሄዶ ፍልስፍና ተምሮ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ የአየር ትንበያውን፣ ሐኪሙን፣ ሚስቱ የምታሳየውን መንገድ ሳይቀር ሲጠራጠር ኖሯል። አንድም ቀን ያልተጠራጠረው ፊንች የሚባሉትን ባለ ቀለም ትናንሽ ወፎች የሚያረባውን የከተማዋን ማኅበር ብቻ ነው። በማኅበሩ ዓመታዊ ሎተሪ ራሱ ቀይ፣ ደረቱ ሐምራዊ የሆነ ወንድ ፊንች ሲደርሰው የሽቦ ቤቱን ታቅፎ እየሮጠ ገባ።

"በነጻ!" አለ።

"በነጻ የመጣ ወንድ ወጪው ስንት እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ" አለች ሚስቱ ቬርና። ባልዲ ይዛ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ወጥ ቤቱ ያፈስሳል፤ አዲሱ ቆርቆሮ ተገዝቶ ጓሮ ተደርድሯል፣ ለቀሪው የጣሪያ ሥራ ያጠራቀሙት ገንዘብም ባንክ ተቀምጧል። "ዘንድሮ ቆርቆሮው ይቀየራል ብለሃል።"

"ይቀየራል እንጂ! ወፉን ከቆርቆሮ ምን አገናኘው?"

ያገናኘው ኬቭ ሹልዝ ነው። ኬቭ በሙያው ሥጋ ሻጭ፣ በማኅበሩ ደግሞ የጥምረት ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ቢራውን ይዞ መጣና ወፉን እንደ ሐኪም አየው።

"ወንድሜ፣ ብቻውን ያለ ወፍ የታመመ ወፍ ነው። መዳር አለበት።"

ራሷ ጥቁር የሆነች እንስት ተገዛች። እሷም ለሙሽራው ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳ ስታይ ሰነበተች። ንዑስ ኮሚቴው ከሥጋ ቤቱ ጓሮ ተሰብስቦ ችግሩን ከሁሉም አቅጣጫ በጥልቀት ከገመገመ በኋላ የሁለቱ ራስ ቀለም አለመመሳሰሉን ደረሰበት፤ የቀጣይ አቅጣጫም አስቀመጠ። ራሷ ቀይ የሆነች እንስት ተገዛች። ቀይና ቀይ በዚያው ቀን ተዋደዱ። ውጤቱ አበረታች ነበር፤ ጥቁሯ መትረፏ ብቻ ሲቀር።

"ትርፍ መኖር የለበትም" አለ ኬቭ ባርኔጣውን አውልቆ።

ጥቁር ወንድ ተፈለገ። ሻጩ ግን አብረው ያደጉትን አልለይም ብሎ ባለ ቢጫ ራሱን ወንድ በማበረታቻ ዋጋ ጨመረበት። አሁን የተረፈው ቢጫው ሆነ። ለእሱ የምትሆን እንስት የተገኘችው አገር አቋርጦ፣ በደቡቡ ጫፍ አዴሌድ ከተማ አጠገብ ነው። በአውሮፕላን ብትላክ ትደነግጣለች ስለተባለ ዳሪል ራሱ ነዳ፤ ነዳጁም፣ የየማደሪያው ሂሳብም ከጣሪያው ገንዘብ ወጣ። ጥንዶች እንዳይረባበሹ የየራሳቸው ክፍል ያስፈልጋቸዋል ስለተባለም፣ አስቀድሞ ለወጥ ቤቱ የተገዛው ቆርቆሮ በጊዜያዊነት የወፎቹን ቤት አልብሷል።

ቢጫዋን ይዞ ሲመለስ ዝናቡ ጀምሯል። ቬርና ከወፎቹ ቤት ውስጥ፣ የጥሬ በርሜል ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየደረቅሁ ነው። ይቺ የያዝሃት ወፍ ናት ወጥ ቤቴ?"

"ቆንጆ አይደለችም?"

"ቆንጆ ናት። ባሏን የሚመርጥላት ማነው፣ ኬቭ ነው?"

"የለም፣ የለም" አለ ዳሪል፣ የድሮው መምህር መጣበትና። "ምርጫው የእንስቷ ነው። ወንዱ ይዘፍናል፣ ይዘላል፤ እሷ ታያለች፣ ትወስናለች።"

"ካልፈለገችውስ?"

"በግድ አብራው ከቆየች ትጨነቃለች፣ ትከሳለች። በሩን መክፈት ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም።"

"ማን ነው ያለው?"

"ኮሚቴው። በሙሉ ድምፅ።"

"እኔ እኮ ንቄያቸው ነበር" አለች ቬርና፤ ሻይዋንም ጨረሰች።

በማግስቱ ታውንስቪል ከተማ እህቷ ዘንድ ሄደች። ባልዲውንም ወሰደችው።

ቢጫዋ ቢጫውን ወደደችው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ኬቭ ተነሥቶ፣ በአባላት የጋራ ርብርብ በፔንሃሊገን ቤት አንድም ያልተጣመረ ፍጡር እንደሌለ በታላቅ ደስታ አበሠረ። ተጨበጨበ። ዳሪል ለአስተያየት እጁን አወጣ፤ አሰበና መልሶ አወረደ።

ቤቱ ገብቶ የማይንጠባጠብበት ጥግ ፈልጎ ቆመና ለቬርና በስልኩ ጻፈ፦

"አንድ ወንድ ተርፏል። ራሱ ሽበታም፣ ዕድሜው የገፋ፣ ያገኘውን የሚበላ፣ የማይዘፍን። ቆርቆሮውን ነገ አውርዶ ወደ ወጥ ቤቱ ይመልሳል። ዋጋ፦ በነጻ።"

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየ። መልስ ግን በዚያ ቀንም፣ ቆርቆሮው ወጥ ቤቱ ላይ ከተመታ በኋላም አልመጣም። ምርጫው የእንስቷ መሆኑ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ስለሆነ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አልነበረም።