ከበር የጀመረ ሙጫ

[ባዶ የሥራ ክፍል፤ ጠረጴዛው ኮሪደር ወጥቷል። ተርጓሚው ወረቀት ይዞ ቆሟል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ምንጣፍ አንጣፊ ነው፤ ከሙጫ ባልዲው አጠገብ ተንበርክኳል።]

ተርጓሚ፦ ጋሼ፣ ምንጣፍ ጠጉር የለውም አልኩዎት። ጠጉር የበግ ነው።

አንጣፊ፦ [ቁራጭ ምንጣፍ እየሰጠው] በመዳፍህ ዳብሰው። ወደዚህ ስትለው ይተኛል፣ ወደዚያ ስትለው ይቆማል። ታዲያ ምን እንበለው?

ተርጓሚ፦ ፈረንሳይኛ ለሁሉም የራሱ ቃል አለው።

አንጣፊ፦ ምን ይለዋል?

ተርጓሚ፦ [መዝገበ ቃላቱን ገልጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጠጉር።

አንጣፊ፦ ፈረንሳዮቹም ዳብሰውታላ።

ተርጓሚ፦ አንድ ቃል ገጠመልዎት ብለው አይኩሩ። ይህን የምንጣፍ ፋብሪካ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት ላይ የፋብሪካው መልእክተኛ ይወስደዋል፤ ከወደዱት የቀሩትን አሥር መመሪያዎች ለእኔ ይሰጡኛል። እኔ በአማርኛ አነብልዎታለሁ፣ እርስዎ እንዳነበብኩት ይሠራሉ። እንዲያው ለሙከራ ያህል ነው።

አንጣፊ፦ ሳልጨምር ሳልቀንስ?

ተርጓሚ፦ እንደ ጸሎት። [ያነባል] «ሙጫውን ከበሩ ጀምረው ወደ ማዶው ግድግዳ ይቀቡ።»

አንጣፊ፦ እንግሊዝኛውም እንዲህ ይላል?

ተርጓሚ፦ እንግሊዝኛው ተሳስቶ ከማዶው ግድግዳ ወደ በሩ ይላል። ሰው ቤት የሚገባው በበር አይደለም እንዴ? ሥራም ከበር ይጀመራል። አስተካከልኩት።

አንጣፊ፦ አስተካከልከው።

ተርጓሚ፦ የተማረ ሰው ስህተት አይቶ አያልፍም።

አንጣፊ፦ አንድ አፍታ። [ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ የምሳ ዕቃና በርጩማ ይዞ ይመለሳል። ማዶው ግድግዳ ሥር ያስቀምጣቸዋል።]

ተርጓሚ፦ ምሳ ለምን አስገቡ? የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም እንዴ?

አንጣፊ፦ ሆድ ሰዓት አያውቅም። [ከበሩ ጀምሮ መቀባት ይይዛል።]

ተርጓሚ፦ [እያፈገፈገ] «በእኩል ውፍረት...» ጋሼ፣ ጫማዬን።

አንጣፊ፦ ፈቀቅ በላ።

ተርጓሚ፦ «ምንም ባዶ ቦታ ሳይተው...» ጋሼ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ነካኝ።

አንጣፊ፦ ማዶው ግድግዳ ነዋ። ደረስን። [ብሩሹን አስቀምጦ በርጩማው ላይ ይቀመጣል።]

ተርጓሚ፦ ምንጣፉስ?

አንጣፊ፦ ኮሪደር ነው።

ተርጓሚ፦ [ሙጫውን፣ በሩን፣ እንደገና ሙጫውን አይቶ] በምን እንወጣለን?

አንጣፊ፦ እኔ ምን አውቄ? ቀጥሎ ምን ይላል?

ተርጓሚ፦ [ቀስ ብሎ] «ለአራት ሰዓት አይረገጥም።»

[መልእክተኛው በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ሁለቱን አይቶ፣ አፉን ይይዛል።]

ተርጓሚ፦ አለቀልኝ። ይህን ይዞ ከሄደ በየአገሩ ስንት ሰው ጥግ ላይ ይቀራል?

አንጣፊ፦ እስክሪብቶ የለህም?

ተርጓሚ፦ አለኝ።

አንጣፊ፦ እንግዲያው እንግሊዝኛው እንዳለው መልሰው።

[ተርጓሚው ሰርዞ ይጽፋል። አንጣፊው ወረቀቱን ጠቅልሎ በክር ያስርና በርጩማው ላይ ቆሞ ይወረውራል። መልእክተኛው ቀልቦ እየሳቀ ይሄዳል።]

ተርጓሚ፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ጋሼ፣ እያወቁ ነው ዝም ያሉኝ?

አንጣፊ፦ ሳልጨምር ሳልቀንስ አልተባባልንም? [የምሳ ዕቃውን ይከፍታል።] እንካ፣ ብላ።

ተርጓሚ፦ የእርስዎን ምሳ?

አንጣፊ፦ ለሁለት ሰው ነው። ትናንት እህቴ «ይህቺ መስመር ጥግ ታስቀርሃለች» ስትልህ፣ «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» ብለሃት የለ? ምሳውን የቋጠረችው እሷ ናት።