ክቡር ጥቁር መስታወት

በእኛ ከተማ የሰው ጠባይ የሚታወቀው በመኪናው ነው። አሮጌ ትንሽ መኪና የሚነዳ ሰው ትሑት ነው፤ ቢገጩት እንኳ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ባለ ሚኒባሱ መንገዱን ከአባቱ እንደወረሰው ርስት ይቆጥረዋል። የመሥሪያ ቤት መኪና የያዘው ደግሞ ጉድጓድ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፤ ጎማው የእሱ አይደለማ! የሁሉም ቁንጮ ግን ባለ ቅንጡ መኪናው ነው። መስታወት አያወርድም፣ ሰላም አይልም፣ ጉዳዩ ከምድር ጋር አይደለም። እናንተም ሰፈር ቢያንስ አንድ አይጠፋም።

የእኛ ሰፈሩ የቀለም ነጋዴ ናቸው። ልክ መኪናዋን እንደገዙ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው፣ ሰፈሩ “ክቡር ጥቁር መስታወት” የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ሲሸጡ ስለኖሩ በመኪናቸው ቀለም ቀልድ አያውቁም። አንድ ቀን በራቸው ላይ ሲወለውሏት አግኝቻቸው “ጥቁሯ መኪናዎ ታምራለች” ብላቸው ቅር አላቸው። “ጥቁር አይደለችም። ጥልቅ ሰማያዊ ናት። ፀሐይ ላይ ቆመህ እያት!” ፀሐይ ላይ ቆሜ አየኋት። ጥቁር ናት።

ከቤታቸው እስከ ሱቃቸው በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። ክቡርነታቸው በመኪና በሃያ ደቂቃ ይደርሳሉ። ከተማችን አንድ ፎቅ ባበቀለች ቁጥር ሁለት መንገድ ስለምትቆፍር፣ እሳቸው እያንዳንዱ ጉድጓድ ጋ ቆመው ያስባሉ። ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ጡሩምባውን ያንባርቃል፤ የሚኒባስ ረዳቶች አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው “አባት፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫኑት?” ይላሉ። መስታወቱ ዝም ነው።

ሲያቆሟትማ ሌላ ጉድ ነው። የጎረቤት መኪና በሩን ሲከፍት እንዳይነካት የሁለት መኪና ቦታ ይይዛሉ። ሁለት ቦታ ካልተገኘ ራቅ ብለው ያቆሟትና ወደ ጉዳያቸው ታክሲ ተሳፍረው ይሄዳሉ። መኪናዋ ታርፋለች፣ ባለቤቷ ይጋፋሉ።

ይሄ ሁሉ ይታለፍ ነበር። ያልታለፈው የሰላምታው ነገር ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ ትሞቃለች፤ መኪናዋም በየቀኑ በአጠገቧ እየተሳበች ታልፋለች። “ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ቀን ራሱን ዝቅ ሲያደርግልኝ አይቼ አላውቅም!” ትላለች። “ሰላምታ እንደሆነ የእግዜር ነው፤ ከኪሱ አይወጣ!”

ባለፈው ሳምንት ሴት ልጃቸው የሠርግ ጥሪ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ክቡርነታቸው ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ሁሉም ወረቀቱን ተቀበላት፣ አገላብጦ ሳማት። ከበር ስትወጣ ግን እናቴ “ምን ቆርጦኝ!” አለች። “መንገድ ላይ ያላወቀኝ ሰው አዳራሽ ውስጥ ሊያውቀኝ ነው?” ልብስ ሰፊውም አልሄድም አለ፣ ባለ መድኃኒት ቤቷም እንዲሁ። ድፍን ሰፈሩ ሊቀር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ማዕዘኑ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ያቺ መኪና አጠገቤ ቆመች፤ በሯ ተከፈተ።

“ግባ፣ ልጄ። የምጠይቅህ ነገር አለ።”

ገባሁና እንደ ሚኒባስ በር ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

“ቀስ! በኃይል አይዘጋም እኮ፤ አስጠጋው፣ መዘጋቱን ራሱ ያውቃል!”

ገና ከመነሳታችን ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው “እንዴት አደርክ! ቤተሰብ ደህና?” አሉ። ለማን ነው ብዬ ዞርኩ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሟል። መኪናዋን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ትንሽ እልፍ እንዳልን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለባለ መድኃኒት ቤቷ “እንደምን አደርሽ፣ እህቴ” አሉ። እሷም መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

“አየህ አይደል?” አሉኝ፤ ድምፃቸው ሰለለ። “ምን በደልኳቸው? በየቀኑ ሰላም እላለሁ፣ አንድ የሚመልስልኝ የለም። የልጄ ሠርግ ላይ ማን ሊቆምልኝ ነው?”

“ጋሼ፣ አያዩዎትም እኮ።”

“እንዴት አያዩኝም? እኔ አያቸው የለም እንዴ!”

ለካ መሪዋን ለማንም ሰጥተው ስለማያውቁ፣ ሰው ውስጧ ተቀምጦ ከውጭ አይተዋት አያውቁም። አስቆምኳቸውና በግድ አስወረድኳቸው። እሳቸው ቦታ ላይ ተቀምጬ በሩን አስጠጋሁት፤ እውነትም ራሱ ያውቃል። ከዚያ እጄን አውለበለብኩ፣ ጎንበስ ቀና አልኩ፣ ምላሴንም አወጣሁ። ክቡርነታቸው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ፈለጉኝ። ያገኙት የራሳቸውን ክራባት ነው። ትንፋሻቸው መስታወቱን አደበዘዘው፤ አልጠረጉትም።

የስልሳ ዓመት ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ለሰፈሩ ሁሉ ብድግ ሲል ኖሯል፤ እኛም ስናማው። አንጀቴን በሉት። ወደድኳቸው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ወደ ሱቃቸው መሄዱን ትተው መኪናዋን አዞሯት። አራቱንም መስታወት አወረዱ። የተቆፈረው መንገድ አቧራ ወተት በመሰለው የቆዳ ወንበር ላይ ሲሰፍር ዞር ብለውም አላዩት። እናቴ ጋ ስንደርስ ወርደው ፊቷ ቆሙ።

“እማማ፣ እኔ እኮ በየቀኑ እንዴት አደሩ እልዎታለሁ። መስታወቱ ነው የደበቀኝ። ልጅዎ ምስክሬ ነው።”

እናቴ እኔን አየችኝ።

“እውነታቸውን ነው” አልኳት። “ከወንበራቸው እየተነሱ ነው ሰላም የሚሉት።”

ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ ጫነች።

“ውይ በሞትኩት! ሁለት ዓመት ሙሉ የእግዜርን ሰላምታ ሳልመልስ የኖርኩት እኔ ነኛ!”

ከመቀመጫዋ ተነስታ እጃቸውን ያዘች።

“ደህና አድሬያለሁ፣ ልጄ። አንተስ እንዴት አደርክ? በል ና፣ መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጋ እንሂድ። የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ቀርቶ ያያታል!”

መኪናዋን እዚያው ትተው በእግራቸው ሄዱ።